የሐሙስ ሞገድ

ጥር 6፣ ሐሙስ

እንደ ሁልጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ገባሁ። ሚዜዬ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፣ ወንበሬን ስቦ ጠበቀኝ። ከተዳርኩ ሃያ ሰባት ዓመቴ፤ ዛሬም "ሙሽራው" ነው የሚለኝ። ሙሽራው ፀጉሩ አልቋል።

ለተማሪዎች የምንሠራው የሞገድ ማሳያ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ግራጫው መስመር እውነተኛው ሞገድ ነው፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀያዮቹ ነጥቦች የለካንባቸው ቅጽበቶች ናቸው። ሰማያዊው መስመር ኮምፒዩተሩ ነጥቦቹን ብቻ አይቶ የሚገምተው ነው። ከታች አንድ ተንሸራታች ቁልፍ፦ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንለካ? አንድ ቁልፍ ብቻ። ሁለተኛ ይጨመር ያለኝን ሁሉ አባርሬያለሁ። ተማሪ ሁለት ነገር አንድ ላይ ካንቀሳቀሰ የትኛው ምን እንዳደረገ አያውቅም።

ቁልፉን ወደ ቀኝ… ሰማያዊው በግራጫው ላይ ልክክ ይላል። ወደ ግራ፣ ከሃያ በታች… መዋሸት ይጀምራል። ዘጠኝ ላይ በሰከንድ አንዴ ብቻ የምትወዛወዝ ሰነፍ ሞገድ ትመጣለች። አሥር ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር። ጸጥ። እዚያ ጋ ነው ተማሪው "እንዴ!" የሚለው። ለዚያች "እንዴ" ነው ሁለት ዓመት የደከምኩት። ነገር በዓይን ይገባል።

የካቲት 12 ለመምህራኑና ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይታያል። ካለፈ ኮርሱ ውስጥ ይገባል፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሁሉም በዚህ ይማራል።

ስነሳ ሚዜዬ፦ "ሙሽራው፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር…"

"መጀመሪያ ነጥቦቹን አሳንሳቸው። ባቄላ አክለዋል።"

አሳነሳቸው። ምን ሊያማክረኝ ነበር? ሳልጠይቀው ወጣሁ።

ጥር 9፣ እሁድ

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጄ። ሰዓት አታዛንፍም፤ በዚህ እኔን ወጥታለች። ሌላ ከተማ የንድፍ ቢሮ ከገባች አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆናት ነው።

"ሥራ እንዴት ነው?" "ሰላም ነው አባዬ።" "የድልድዩ ንድፍ አለቀ?" "እየሄደ ነው።" "አለቃሽስ?" "ደህና ነው።"

ስድስት ደቂቃ።

ባለቤቴ፦ "አንተ ሰውዬ፣ ከልጅህ ጋ ታወራለህ ወይስ የአየር ጠባይ ዘገባ ትሰማለህ?"

"ደህና ናት። ሌላ ምን እንድትል ትፈልጊያለሽ?"

ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ሳህን።

ጥር 13፣ ሐሙስ

ዘጠኝ ሰዓት። ሁሉም እንዳልኩት ሆኗል። ነጥቦቹ ልክ ናቸው። ግራጫው ያለ ቁልፍ፣ በራሱ ጊዜ ይሸፈናል፤ በእውነተኛው ዓለም ግራጫውን የሚያይ የለማ። ነጥቦቻችን ብቻ ናቸው ያሉን።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በሩ ላይ ብቅ አለች። ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ አለቃዬ ናት፤ ዓለም እንዲህ ናት። "ጋሼ፣ እንዴት ነው?" "ግቢና እዪው።" "ስብሰባ አለብኝ።" ከሚዜዬ ጋ ተያዩ። ምን ነበር እሱ?

ወደ ቤት ስሄድ ያ የውሃ ፓምፕ ትዝ አለኝ። ለምን ዛሬ? የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ። ሞተሩ በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ ይዞራል። መለኪያውን በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ እንዲያነብ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። "አይንቀጠቀጥም፤ ጤነኛ ነው" ብዬ ፈረምኩ። መካኒኩ ፊርማዬን አምኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ዘይት ሊቀባ እጁን አስገባ፤ ሲንቀጠቀጥ የከረመው ዘንግ ተሰበረ። ሦስት ጣት። ሆስፒታል ስጠይቀው "አይዞህ ወንድሜ፣ ግራ እጄ ነው" አለኝ። እሱ እኔን አጽናና!

ሰማያዊው መስመር ሲዋሽ ተማሪ ማየት አለበት የምለው ለዚህ ነው። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ባለቤቴና ሚዜዬ።

ጥር 15

ጥርሴ። የታችኛው፣ የቀኙ።

ጥር 20፣ ሐሙስ

ጮህኩ። "የተለካ" የሚለው ጽሑፍ ሰማያዊውን መስመር ይነካል። ባለፈው ሐሙስ ስወጣ ተናግሬ ነበር። አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚነገረው?

ሚዜዬ ምንም ሳይል አስተካከለው። እሱ እንዲህ ነው። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይሠራል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቢሮ ውስጥ የኖርነው በዚሁ ነው። ከዚያ ቀና ሳይል፦

"ለምን አንዳንዴ ማክሰኞ ጠዋት ብቅ አትልም? ተማሪዎች ሲሞክሩት ታያለህ።"

"ማክሰኞ ክፍል አለኝ።"

"ከሰዓት ነው እኮ ያለህ።"

"ፕሮግራም ፕሮግራም ነው። የኛ ሐሙስ ነው።"

"እሺ ሙሽራው። ሐሙስ።" ሳቀ… ሳቅ ነበር?

ጥር 27፣ ሐሙስ

ሁሉም ልክ። የምጮህበት ነገር አጣሁ። ሚዜዬ ይህንኑ ስነግረው "ይመዝገብልኝ" አለ። ይኸው መዘገብኩ።

ኮሪደር ላይ አንድ ተማሪ አስቆመኝ። "መምህር፣ ያቺ 'አሳምር' የምትለዋ ቁልፍ በጣም ጠቀመችን።"

"የምን አሳምር? ያለው አንድ ቁልፍ ነው።"

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው" ብሎ በደረጃው ሮጠ። የሌላ ሰው ሥራ አይቶ ይሆናል።

የካቲት 1

የጥርስ ሐኪሟ ቀጠሮዬን ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት አደረገችው። ሌላ ክፍት ሰዓት የላትም። ለመንኳት፤ ጥርስ ሐሙስን አያውቅም አለችኝ። እንግዲያው ነገ ጠዋት ላብራቶሪ ብቅ እላለሁ።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

ጉድ ነው ያየሁት።

አራት ሰዓት ላይ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። የሚያስቀው ማን ነው? ሚዜዬ! ያ ዝምተኛ፣ ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች። ኃላፊዋ ወንበሬ ላይ።

ግድግዳው ላይ የኔ ግራጫ፣ የኔ ቀይ፣ የኔ ሰማያዊ። ከታች ግን ሁለት ተንሸራታች። ከጎናቸው "አሳምር" የሚል ቁልፍ።

አንዱ ተማሪ የኔን ቁልፍ ወደ ግራ ጎተተው። ዘጠኝ ደረሰ። ሰማያዊው ግራጫው ላይ ልክክ እንዳለ ነው። አምስት። ልክክ። ሦስት! በሰከንድ ሦስት ነጥብ፣ ሰማያዊው አሁንም ልክክ። ከሦስት ነጥብ ያን ሞገድ ማንም ሊያውቀው አይችልም። አላወቀውማ። ገባኝ። ሰማያዊውን ከነጥቦቹ አይደለም ያወጡት፤ ግራጫውን ገልብጠው ሰማያዊ ቀብተውታል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ሳቁ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ…"

"ወንበሬ ላይ ተቀምጠሽ ነው ይቀመጡ የምትዪኝ?"

ብድግ አለች። ተማሪዎቹን ሸኘቻቸው። "ባለፈው ዓመት ስንሞክረው ልጆቹ ግራ ተጋቡ። ግማሾቹ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል አሉ። ያን ቦታ አለዝበነዋል፤ ሌላ ምንም አልነካንም።"

"ግራ መጋባታቸው ነው ትምህርቱ! አንቺስ እንዴት ነው የተማርሽው?"

"እኔማ በእርስዎ ጩኸት ነው የተማርኩት፣ ጋሼ።" ፈገግ አላለችም።

ሚዜዬ ኮምፒዩተሩን ሊዘጋ ጎንበስ አለ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ፎልደር አየሁ። አንዱ "ዋናው" ይላል። ሌላው "ሐሙስ"።

ሐሙስ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመስከረም" አለ ሚዜዬ።

"አምስት ወር ሙሉ ለእኔ ለብቻዬ ቲያትር ስትሠራልኝ ነበር?"

"ቲያትር አይደለም። የሐሙሱም በደንብ ይሠራል። ያልከውን ሁሉ አድርጌበታለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

መነጽሩን አወለቀ። "አንተ ሐሙስ ትመጣለህ። ትጮሃለህ። ትሄዳለህ። ሥራው ደግሞ ሌላ ስድስት ቀን አለው። ሦስት ጊዜ ልነግርህ ጀምሬ ነበር።"

"የፓምፑን ነገር እያወቅክ!"

መነጽሩን መልሶ አደረገ።

በሩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። መስታወቱ አልተሰበረም። ተንጫረረ እንጂ።

የካቲት 3

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ይህን ማስታወሻ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥር 6 "አንድ ነገር ላማክርህ ነበር" ብሏል። ጥር 20 "ማክሰኞ ጠዋት ብቅ በል" ብሏል። ሦስት ጊዜ ይበል እንጂ እኔ የጻፍኩት ሁለት ነው። ጀምሮ መተው ደግሞ መናገር አይደለም። ሊናገር የፈለገ ሰው ጠረጴዛ ይመታል። እኔ ብሆን እመታ ነበር።

በሌላ በኩል… በየሳምንቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። ቀጥ ያለ መስመር። ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው "አንድን ነገር በራሱ ምት አትለኩት፤ የቆመ ይመስላችኋል" እያልኩ ሳስተምር። ለፈተና አወጣዋለሁ! የሳተውን ዜሮ እሰጠዋለሁ!

ይህ እሱን ነጻ አያወጣውም። የሞገድ ጥፋት አይደለም። ሞገድ ፎልደር ከፍቶ "ሐሙስ" ብሎ አይጽፍበትም።

የካቲት 4፣ ሐሙስ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሴ ተነቀለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ላብራቶሪ ያልገባሁበት የመጀመሪያው ሐሙስ። ማንም አልደወለም።

የካቲት 7፣ እሁድ

አንድ ሰዓት፣ ስልክ። በግማሽ አፌ አወራሁ። ሚዜዬ ያደረገኝን ነገርኳት።

"አባዬ፣ ፈርቶህ ይሆናላ።"

"ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ምን ያስፈራዋል?"

"አንተ" አለችና ሳቀች። ቀልድ ናት ይቺ ልጅ። "አንቺስ?" ስላት "እኔማ ሰላም ነኝ" አለች። ስድስት ደቂቃ። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምታደርገው?

የካቲት 12፣ ዓርብ

ላለመሄድ ምዬ ነበር። ሄድኩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ኃላፊዋ ስሜን መጀመሪያ ጠራች፤ "የሐሳቡ ባለቤት" ብላ። አጨበጨቡልኝ። በራሴ ሥራ መቃብር ላይ አበባ ተቀመጠልኝ። ሚዜዬ ኮምፒዩተሩ ጋ ነው፤ ወደ እኔ አላየም። "ዋናው" ተከፈተ።

ያምራል። አልክድም፣ ያምራል። ቁልፉ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፤ ሰማያዊው እንዳማረበት። መምህራኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከፊት ረድፍ አንዲት ቀጭን ተማሪ እጇን አወጣች። ረጅም ሹራብ የለበሰች። ድምጿ አይሰማም፤ ሁለት ጊዜ "ጮክ በይ" አሏት።

"ነጥቡ ሦስት ብቻ ሲሆን… በመሃል ያለውን በምን አወቀው?"

ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ! ከራሳቸው ውሸት ውስጥ በቅሎ ወጣ።

ኃላፊዋ፦ "ጥሩ ጥያቄ። ኮምፒዩተሩ ያሰላዋል።"

ልጅቷ ሚዜዬን አየችው። እኔም አየሁት። ማውሱ በእጁ ነው። ተነሳሁ። አልጮህኩም፤ እግዜር ምስክሬ ነው።

"ሐሙስ የሚለውን ክፈትላት።"

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ሐሙስ ምንድን ነው? ማንም አያውቅም። እሱ ያውቃል። እጁ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ቀስቱ "ሐሙስ" ላይ ደርሶ ሲቆም አይቻለሁ፤ ግድግዳውን የሚያክል ቀስት። ኃላፊዋን አያት።

"ለዛሬ ሰዓት ሞልቷል" አለ ሚዜዬ። የሃያ ሰባት ዓመት ሚዜዬ። ቀስቱን መለሰው።

አለፈ። በጭብጨባ አለፈ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ አንደኛ ዓመት ሁሉ ሦስት ነጥብ ዓለምን ይነግረኛል እያለ ያድጋል። አንዱ ደግሞ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ይፈርማል።

ደረጃው ላይ ያቺ ተማሪ ደረሰችብኝ። "መምህር፣ መልሱን አልሰማሁትም።"

"አልተመለሰማ።"

ኮምፒዩተር የለኝም። የቤቴን ቁልፎች በጫማዬ ክር አንጠለጠልኩና እንደ ሰዓት ፔንዱለም አወዛወዝኳቸው። "ዓይንሽን ጨፍኚ። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ስመታው ብቻ ገለጥ አድርገሽ መልሰሽ ጨፍኚ።" ቁልፎቹ ወደ ቀኝ ጥግ በደረሱ ቁጥር ብረቱን መታሁ። ቋ… ቋ… ቋ…

"ምን ታያለሽ?"

"ቁልፍ። ቀኝ በኩል ቆሟል።"

"ይንቀሳቀሳል?"

"አይ። ቆሟል።"

"እሺ፣ ዓይንሽን ግለጪ። አትጨፍኚ።"

ቁልፎቹ አፍንጫዋ ሥር ውልብ ብለው አለፉ።

"እንዴ!"

ይኸው። የሁለት ዓመት ሥራዬ፣ በአንድ የጫማ ክር።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለች።

"ቶሎ ቶሎ ማየት። ያ ካልተቻለ ባልተጠበቀ ሰዓት ማየት።"

አንድ ጫማዬ እየተንሸራተተ ነው ቤት የገባሁት።

የካቲት 14፣ እሁድ

አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሥራ ሰላም ነው። ድልድዩ እየሄደ ነው። አለቃዋ ደህና ነው። ስድስት ደቂቃ።

ድልድዩ በጥርም እየሄደ ነበር።

ጥቅምት ላይስ ምን ብላ ነበር? ገልጬ አየሁ። "እየሄደ ነው።"

የካቲት 17፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን ስልኩን እያነሳሁ አስቀመጥኩ። ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ።

"አባዬ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"እማዬ…?"

"ደህና ናት። እዚሁ ናት።"

"ታዲያ ምነው? ዛሬ እሁድ አይደለም እኮ።"

"አውቃለሁ። የት ነሽ?"

ከኋላዋ ድምፅ አለ። ትርርር ይልና ይቆማል። ትርርር። ንድፍ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም።

"ስፌት ቤት ነኝ" አለች።

"ልብስ ልታሰፊ?"

"ልሰፋ።"

ቢሮውን ከለቀቀች አምስት ወሯ። በመስከረም። ማንም አላባረራትም፤ ራሷ ወጣች። ሁለት ሴቶች ጋ ገብታ ትሰፋለች። እኔ በየእሁዱ ስለ ድልድይ ስጠይቃት ኖሬያለሁ። ድልድይ የለም!

"እናትሽ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

ቀና አልኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፎጣ ይዛ። ዓይኗን አላሸሸችም።

"ሌላስ ማን ያውቃል?"

"ሚዜህ። እሱ ይንገርልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። ጥር መጀመሪያ ላይ። 'ሞክሬ ነበር፣ ስለ ነጥብ መጠን ነው የመለሰልኝ' አለኝ።"

ባቄላ አክለዋል ያልኩት።

ደሜ ፈላ። የቤቴ ሰው፣ የሥራዬ ሰው፣ ያሳደግኳት ልጅ፤ ሁሉም ለእኔ ለብቻዬ ሌላ ፋይል ይከፍታሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ለመጮህ አፌን ከፍቻለሁ። አየሩ ገብቷል። ያ የተነቀለው ጥርስ ቦታ ቀዘቀዘኝ።

ትርርር… ቆመ። በወዲያኛው ጫፍ ትንፋሿን ይዛለች። ይሰማኛል። ጩኸቱን እየጠበቀች ነው።

"ምንድን ነው የምትሰፊው?" አልኩ።

"ምን?"

"አሁን። እጅሽ ላይ ያለው።"

"የ… የሕፃን ካፖርት ነው። ኪሱ አስቸገረኝ። አይገጥምልኝም።"

"በስንት ይስታል?"

"በሦስት ሚሊ ሜትር። ሦስት ሚሊ ማንም አያየውም ይሉኛል። እኔ ግን አየዋለሁ፣ አባዬ።"

"ፍቺውና ድገሚው።"

አለቀሰች ወይ ሳቀች፣ አልለየሁትም። ሃያ ሰባት ደቂቃ አወራች። ግማሹ አልገባኝም፤ ስለ ገበር፣ ስለ መርፌ ቁጥር፣ በመስከረም በየጠዋቱ ቢሮው በር ላይ ቆማ መግባት ስላቃታት። በየጠዋቱ። እኔ የማውቃት ልጅ አይደለችም። እኔ የማውቃት የእሁዷን ነው።

ባለቤቴን ገና አላናገርኳትም። ምሳ አብረን በላን። ጨው አቀበለችኝ።

ሚዜዬን ይቅር አላልኩትም። ያ ቀስት ከዓይኔ አይጠፋም።

ነገ ሐሙስ ነው። አልሄድም። የምሄድበትን ቀን ለማንም አልናገርም። ለዚህ ደብተርም።